የቤተሰብ ሐኪሙና የርቀት የቆዳ ምክክር፦ የአመለካከት ጥናቶች ሳይጠይቁት የቀረው ጥያቄ

የቆዳ ሕመምን በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ አማካይነት ከርቀት የመመርመር አሠራር፣ በተለምዶ ቴሌደርማቶሎጂ የሚባለው፣ በሕክምናው ዓለም መታወቅ ከጀመረ ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት የታተሙት ጽሑፎች በአመዛኙ በሁለት ወገን የሚመደቡ ናቸው። አንደኛው ወገን ምስሉ ለስፔሻሊስቱ ምን ያህል እንደሚያሳይ ይመዝናል። ሁለተኛው ወገን ምስሉን የሚልከው የቤተሰብ ሐኪም ስለ አሠራሩ ያለውን አመለካከት ይመረምራል። የመጀመሪያው ወገን መሣሪያውን በሚገባ ፈትኖታል ማለት ይቻላል። የሁለተኛው ወገን ሥራ ግን ሐኪሙ ምን እንደሚያውቅ ከመጠየቅ ይልቅ ምን ያህል እንደተቀበለ ወደ መቁጠር ያዘነበለ ነው። «ረክተዋል?»፣ «ወደፊትስ ይጠቀሙበታል?» የሚሉ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ አዎን ያለው ተቀባይ፣ አይደለም ያለው ደግሞ መሰናክል ተብሎ በሠንጠረዥ ይሰፍራል። እምቢታው ራሱ ክሊኒካዊ መረጃ ሊሆን እንደሚችል የሚገምት መጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2000 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመውን የሰሜን አየርላንድ ጥናት መመልከት ይጠቅማል። ጥናቱ በአራት ጤና ጣቢያዎችና በሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን፣ ወደ ቆዳ ሐኪም መላክ የሚያስፈልጋቸው 204 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው 102ቱ በቀጥታ ቪዲዮ፣ የቀሩት 102 ደግሞ እንደ ልማዱ ሆስፒታል ሄደው ታይተዋል። በቪዲዮ ከታዩት መካከል 54 በመቶ የሚሆኑት ሆስፒታል መሄድ ሳያስፈልጋቸው በጤና ጣቢያቸው መታከም ችለዋል። ወጪው ሲሰላ ግን ለመጀመሪያው ምክክር በቪዲዮው መንገድ 132.10 ፓውንድ፣ በተለመደው መንገድ 48.73 ፓውንድ ሆኖ ተገኘ። አጥኚዎቹ ከዚህ አልፈው አንድ ጠቃሚ ስሌት አቅርበዋል። ይኸውም እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ በሳምንት አንድ ጠዋት ለዚሁ ሥራ ቢመድብና የሕሙማኑ የደርሶ መልስ ጉዞ በአማካይ 26 ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ 78 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወጪዎች እኩል ይሆኑ ነበር የሚል ነው።

78 ኪሎ ሜትር ለአየርላንድ ገበሬ ረጅም መንገድ ይሆን ይሆናል። ከወረዳ ተነሥቶ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ለሚደርስ ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ግን የጉዞው መጀመሪያ እንኳ አይሆንም። ከዚህ አንጻር ጥናቱ ለድሃና ሰፊ አገር የሚሰጠው ተስፋ በራሱ አገር ከሰጠው ይበልጣል። ይሁን እንጂ ስሌቱ የኅብረተሰብ ወጪ በሚል አንድ ስም ሁለት ልዩ ልዩ ኪሶችን ደምሯል። የመንገዱ ትርፍ የሚገባው ለሕመምተኛው ነው፤ በቪዲዮው ፊት ከሕመምተኛው ጎን ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት ደግሞ የሚወጣው ከቤተሰብ ሐኪሙ ቀን ላይ ነው። ድምሩ ትክክል ቢሆንም ሸክሙን ማን እንደተሸከመው አያሳይም። በር ላይ ሌሎች ሠላሳ ሕሙማን እየጠበቁት በአንድ ሽፍታ ምክንያት ካሜራ ፊት የተቀመጠ ሐኪም ቢያጉረመርም፣ ሒሳቡን ያነበበው በራሱ ዓምድ በኩል ስለሆነ ነው እንጂ ቴክኖሎጂ ጠልቶ ነው ለማለት አያስደፍርም።

ይህን የሰዓት ችግር ለማቃለል ቪዲዮው ለፎቶግራፍ ቦታውን ለቀቀ። ሐኪሙ ፎቶ አንሥቶ ከታሪኩ ጋር ይልካል፣ ስፔሻሊስቱም በተመቸው ሰዓት አይቶ ይመልሳል። ሁለቱ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ መገኘት ስለማይጠበቅባቸው ቅሬታው ያበቃል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተካሄደውና የጠቅላላ ሐኪሞቹ አስተያየት እ.ኤ.አ. በ2004 ከታተመው ጥናት እንደሚታየው በአሠራሩ ረክተናል ያሉት ሐኪሞች አልረካንም ካሉት ያነሱ ነበሩ። እንዲህ ያለው ውጤት ብዙ ጊዜ የሚተረጎመው ሐኪሞች ለውጥን ይፈራሉ፣ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል በሚል ነው። በእርግጥ የዚያን ጊዜው ካሜራ፣ ኮምፒዩተርና ቅጽ ሁሉ አሰልቺ እንደነበር አይካድም፤ ዛሬ ስልኩ ይህን ሁሉ አቅልሎታል። ይሁንና ስልኩ ያላቀለለው ሌላ ነገር አለ። ሕመምተኛውን የዳሰሰው አንድ ሐኪም ነው፣ ስለ ሕመሙ የሚፈርደው ሌላ ሐኪም ነው፣ ፍርዱ ስሕተት ቢሆን ሕመምተኛው ተመልሶ የሚመጣው ግን ወደ መጀመሪያው ሐኪም ነው። መጠይቆቹ ይህን ከ«እርካታ» በታች በአንድ ረድፍ አልፈውታል።

በዚህ ጉዳይ ከፍ ያለ ልምድ ያካበተችው ኔዘርላንድ ናት። በዚያች አገር ሕመምተኛ ወደ ስፔሻሊስት የሚደርሰው የቤተሰብ ሐኪሙ ሲልከው ብቻ ነው፤ የርቀት የቆዳ ምክክርም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በጤና መድን የሚከፈልበት መደበኛ አገልግሎት ሆኗል። ሥራው ሥራ ተብሎ ከተከፈለበት በኋላ የአመለካከቱ ጥያቄ መልኩን መለወጡ አያስደንቅም። ከዚያው አገር የወጡ ሁለት ጽሑፎች ጎን ለጎን ቢነበቡ ትምህርታቸው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሲሆን 85 የቤተሰብ ሐኪሞችንና 631 ሕሙማንን ያሳተፈ በዕጣ የተመደበ ሙከራ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ሕሙማኑን ሁሉ በአካል ያዩት የቆዳ ሐኪሞች ይህ ሕመምተኛ ወደ እኛ መምጣቱ ሊቀር ይችል ነበር ወይ ተብለው ተጠየቁ። በርቀት ምክክር ካገኙት መካከል በ39.0 በመቶው፣ ካላገኙት ደግሞ በ18.3 በመቶው ላይ «ሊቀር ይችል ነበር» ብለው ፈረዱ። ልዩነቱ 20.7 በመቶ ነው። ሁለተኛው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የዕለት ተዕለት ሥራ ዘገባ ሲሆን 1,820 የቤተሰብ ሐኪሞችና 166 የቆዳ ሐኪሞች ያከናወኗቸውን 37,207 ምክክሮች ይዟል። በዚህኛው ዘገባ ሐኪሞቹ ያለ ርቀት ምክክሩ ወደ ቆዳ ሐኪም እንልካቸው ነበር ካሏቸው ሕሙማን መካከል የመላካቸው ነገር በ74 በመቶ ቀንሷል።

20.7 የት፣ 74 የት! አገልግሎቱን ለማስፋፋት የሚሹ ወገኖች ትልቁን ቁጥር አንሥተው ትንሹን መተዋቸው የታወቀ ነው። ጥንቃቄ ያለው አንባቢ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ሊያስቀምጣቸው አይገባም። በ2009ኙ ሙከራ ፍርዱን የሰጡት ሕመምተኛውን በአካል ያዩ ስፔሻሊስቶች ናቸው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አለው። በ2011ዱ ዘገባ ማነጻጸሪያ ቡድን የለም፤ «እልከው ነበር» የሚለው የሐኪሙ የራሱ ቃል ነው። እንደ ማስረጃ የሚጠነክረው ትንሹ ቁጥር ነው ማለት ነው።

ሆኖም ጉዳዩ በዚህ ብቻ ቢዘጋ ዋናው ነገር ያመልጣል። በሙከራው ውስጥ ሕሙማኑ የገቡት በጥናቱ ደንብ መሠረት ነበር። በዕለት ተዕለቱ ሥራ ግን የቤተሰብ ሐኪሙ ይህኛው ለፎቶግራፍ ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም እያለ ራሱ ይመርጥ ነበር፤ የ2011ዱ ጽሑፍ ርዕስም ይህንኑ ምርጫ በግልጽ ይጠቅሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ካለው ልዩነት ከፊሉ ከዚህ ምርጫ የመጣ ሊሆን እንደሚችል መገመት ይቻላል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ አገልግሎቱን የሚያሠራው ዋነኛ መሣሪያ ካሜራው ሳይሆን «ይህን አልልክም» ማለት የሚችለው ሐኪም ነው። የሚያሳዝነው 37,207 የተላኩ ምስሎች ተቆጥረው ያልተላኩት አለመቆጠራቸው ነው። ሐኪሙ ስልኩን አንሥቶ እንደገና ኪሱ የከተተባቸው ሕሙማን ስንት ናቸው? ምን አይቶባቸው ነው? መረጃው የትም አልተመዘገበም፤ በአመለካከት መጠይቆችም ውስጥ ቢሆን «አልፎ አልፎ እጠቀማለሁ» በሚል ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል።

ያልተላከው ምስል ምን ሊይዝ እንደሚችል ለማሳየት ለኢትዮጵያ ጤና ባለሙያ እንግዳ ያልሆነ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ወጣት በክንዱ ላይ የፈዘዘ ጠቃጠቆ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። ነገሩ ቋቁቻ ሊሆን ይችላል። ጭርት ወይም ገና የጀመረ ለምጽ ሊሆንም ይችላል። በሕፃንነቱ የነበረበት የቆዳ መቆጣት ጥሎት የሄደ ጠባሳ መሆኑም አይቀርም። ሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። በጥሩ ብርሃን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እነዚህ አንዱ ከሌላው እጅግ ይመሳሰላሉ። የሥጋ ደዌ ዋነኛ ምልክት ከሆኑት አንዱ በፈዘዘው ቆዳ ላይ የስሜት መጥፋት ነው፤ ይህም የሚታወቀው ወጣቱ ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ሲነካ ነው። ሌላው ምልክት የነርቭ መወፈር ሲሆን እርሱም የሚታወቀው ክርን አጠገብ ያለውን ነርቭ በጣት በመዳሰስ ነው። ካሜራ የትኛውንም አይዳስስም። ኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዳዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚመዘገቡባት አገር በመሆኗ ይህ ምሳሌ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ብቻ አይደለም። ምስሉ ሲደርሰው «ቋቁቻ ይመስላል» ብሎ የመለሰው ስፔሻሊስት ከያዘው መረጃ አንጻር አልተሳሳተም። ቅባት ተሰጥቶት የተሸኘው ወጣት ግን ከዓመት በኋላ ትንሿ ጣቱ ታጥፋ ቢመለስ በመድኃኒት ሊድን ይችል የነበረ ሕመም ቋሚ አካል ጉዳት አስከትሏል።

የምስል ትክክለኛነት ጥናቶች ይህን ጥያቄ አይመልሱም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ 22 ጥናቶችንና 4,057 የቆዳ ምልክቶችን አሰባስቦ፣ በፎቶግራፍ አማካይነት የቆዳ ካንሰርን የመለየት አቅም 94.9 በመቶ መሆኑን ዘግቧል። ቁጥሩ የሚያስመሰግን ነው፤ የተጠየቀው ግን «ይህ ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ጥያቄ ነው። ሕመሙ በአብዛኛው ተላላፊ በሆነበትና ቆዳው ጥቁር በሆነበት አገር ጥያቄው ሌላ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ መቅላት አይታይም፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይላል፣ የስልክ ካሜራም ብርሃኑን ራሱ እያስተካከለ ይህን ልዩነት ያጠፋዋል። ሐኪሙ ግን ሙቀቱን በእጁ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ማለት የቤተሰብ ሐኪሙን ከወቀሳ ነፃ ማውጣት አይደለም። ከእምቢታዎቹ መካከል የማያስመሰግኑም ይገኛሉ። በሕክምና ትምህርት ቤት ለቆዳ ሕክምና የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት በመሆኑ ብዙ ሐኪም የሽፍታን ዓይነት በስሙ ለመግለጽ ያፍራል፤ ስላፈረም ወይ ጨርሶ አይልክም፣ ወይ ደግሞ ደብዛዛ ፎቶ ከ«ምንድን ነው?» ጋር ብቻ ይልካል። መቼ ጀመረ፣ ያሳክካል ወይ፣ በቤቱ ሌላ የታመመ አለ ወይ፣ ምን ተቀብቷል የሚለው ሁሉ የለም። ከሁሉ የከፋው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለሳምንታት ካስቀባ በኋላ፣ ጭርቱ መልኩን ከለወጠ ወዲያ የሚላከው ምስል ነው፤ ይህን እንኳን ከርቀት በአካልም ለማወቅ ያስቸግራል። በሌላ ወገን ስፔሻሊስቱም በአንድ ቃል ብቻ መልሶ ምክንያቱን ሳይነግር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ አሠራር የቤተሰብ ሐኪሞች ከሁሉ አስበልጠው የሚያነሡት ጥቅም መማር መሆኑ ሲታሰብ ባለ አንድ ቃል መልስ ዋናውን ደመወዝ እንደ መከልከል ይቆጠራል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ «የቤተሰብ ሐኪም» የሚለው ቃል ራሱ ማብራሪያ ይፈልጋል። የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ2016 ነው። ቁጥራቸው ገና ጥቂት በመሆኑ በኔዘርላንድ ጥናቶች ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሙ የሚሠራውን ሥራ በኢትዮጵያ የሚሠሩት በአብዛኛው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልና በጤና ጣቢያ ያሉ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ናቸው። ስለሆነም የውጭ አገር የአመለካከት መጠይቅ ተተርጉሞ ቢበተን መልስ የሚሰጠው ሰው መጠይቁ ያሰበው ሰው አይሆንም። የሆላንዱ ሐኪም ቤተሰቡን ለዓመታት ያውቃል፤ ሕመምተኛው ነገም እዚያው ያገኘዋል። የወረዳው ሐኪም ግን ሁለትና ሦስት ዓመት አገልግሎ ይሄዳል።

የርቀት ምክክሩ ራሱ ለአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ከክልል ሆስፒታሎች ጋር ለማገናኘት የተጀመረው የቴሌሜዲስን ሙከራ የቆዳ ሕክምናንም ያካተተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዩጋንዳን፣ ቦትስዋናንና ማላዊን ጨምሮ በርካታ አገሮችን ያቀፈው የአፍሪካ ቴሌደርማቶሎጂ ፕሮጀክት ተመሠረተ። ዛሬ ግን ሥራው በአመዛኙ የሚከናወነው ከፕሮጀክት ውጪ ነው። ሐኪሙ አብሮት ለተማረው፣ አሁን የቆዳ ሕክምና ሬዚደንት ለሆነው ጓደኛው በቴሌግራም ፎቶ ይልካል፤ «ወንድሜ፣ እስኪ ይቺን እያት» ይላል። መልሱ በምሳ ሰዓት ይደርሳል። ይህ በጎ ፈቃድ ብዙ ሕሙማንን ከከንቱ ጉዞ እንዳዳነ መጠራጠር አይቻልም። አገልግሎቱ አለ፣ አመለካከቱም በተግባር ታይቷል፤ የቀረው ነገር መዝገቡ ነው። ጓደኛው የሰጠው ምክር በካርዱ ላይ የሚጻፈው በማን ስም ነው? ምክሩ ስሕተት ቢሆን ተጠያቂው ማን ነው? ለሰጠው ጊዜስ ማን ይከፍለዋል?

የምስሉ ምስጢርነትም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሕመምተኛውን ምስል ከሐኪሙ የቤተሰብ ሠርግ ፎቶዎች ጋር በአንድ ስልክ ማስቀመጥን ቀላል ጉዳይ አድርጎ ለማየት አይፈቅድም። የቆዳ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ ፊት ላይ፣ ጡት ላይ ወይም ብልት ላይ ይወጣል። በሥጋ ደዌ የተጠረጠረ ሰው ምስል ከመንደሩ ሰው እጅ ቢገባ ምን እንደሚከተል የአገሩ ሰው ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት ፎቶ ማንሣት የከበደው ሐኪም በውጭ አገሩ መጠይቅ መሠረት «መሰናክል» ተብሎ የሚቆጠር ነው።

በኢትዮጵያ ሊደረግ የሚገባው የአመለካከት ጥናት እንግዲህ በእርካታ ሚዛን መጀመር የለበትም። በአንድ ወር ውስጥ የቆዳ ሕመም ይዘው የመጡትን ሁሉ መዝግቦ፣ ሐኪሙን ለየትኛው ፎቶ አነሣህ፣ ለየትኛው ተውክ፣ ከመላክህ በፊት በጥጥ ነካህ ወይ፣ ነርቩን ዳሰስክ ወይ ብሎ ቢጠይቅ የአንድ ወረዳ መዝገብ እንኳ ከብዙ መጠይቅ የተሻለ ይናገራል። የምክክሩ ቅጽም ያለ ስሜት ምርመራ ውጤት የፈዘዘ ቆዳን ምስል የማይቀበል ተደርጎ ሊዘጋጅ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ መስመር ብቻ ነው። መልሱ ወዴት እንደሚደርስም በዚያው ቅጽ ላይ መወሰን ይኖርበታል። አሁን ባለው ልማድ መልሱ የሚደርሰው በሐኪሙ የግል ስልክ ላይ ነው፤ ስፔሻሊስቱ «እንደገና በጥጥ ይፈተሽ» ብሎ ሲመልስ ሐኪሙ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ከሆነ መልእክቱ አብሮት ተዛውሯል፤ ወጣቱም በቀጠሮው ቀን ሲመጣ የሚያገኘው ካርዱ ላይ «ቋቁቻ» የሚል ቃል ያነበበ አዲስ ሐኪም ነው።